ጉንፋን በሩጫ ላብ አይወጣም



ባለፈው የኳስ ውድድር ዋዜማ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ዓይኑ ቀልቶ፣ ድምፁ ታፍኖ ወደ ልምምድ መጣ። ግንባሩን ስነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል። «ዛሬ ልምምድ የለህም፤ ቤትህ ግባና ተኛ» አልኩት። «ቲቸር፣ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ልዙርና ያልበኝ፤ በላብ ይወጣል። አባባም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለኝ። በነጋታው አባትየው ራሳቸው መጥተው «ልጄን ለምን ከለከልከው? እኛ ድሮ ምች ሲመታን ሮጠን ነበር የምንድነው» ብለው ወቀሱኝ። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ የእሳቸው ወቀሳ ነው።

በእሳቸው አልፈርድም። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ (ሳልጨርስ ነው የወጣሁት) ኢንፍሉዌንዛ ይዞኝ ጫማዬን አጥልቄ ሮጫለሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ የመኝታ ቤታችንን ደረጃ የምወጣው መሐል ላይ እየቆምኩ ነበር። ሐኪም አይደለሁም፤ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። የምጽፈውም የሐኪም ምርመራን እንዲተካ ሳይሆን፣ ልጃችሁን መቼ ማሳረፍ፣ መቼ ወደ ሜዳ መመለስ፣ መቼ ደግሞ ወደ ሐኪም መውሰድ እንደሚገባችሁ ለማስረዳት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ላብ እንነጋገር። ላብ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ውሃና ጨው ነው። ቫይረስ ግን በላብ ውስጥ አይደለም ያለው፤ ሕዋሳችን ውስጥ ገብቶ ነው የሚራባው። ከዚያ የሚያስወጣው የሰውነት መከላከያ ኃይል ነው፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ለቀናት ተዋግተው። ታዲያ ሰው ካላበው በኋላ ለምን ይሻለዋል? ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ትኩሳቱ ሊለቅ ሲል ሰውነት ሙቀቱን ለማውረድ ያልባል። ላቡ የመሻሉ ምልክት እንጂ ምክንያቱ አይደለም። አባቶቻችን ያዩትን በትክክል አይተዋል፤ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ላይ ብቻ ነው ስሕተቱ።

ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮቪድ፣ ደንጊ ሁሉም የቫይረስ በሽታዎች ናቸው። ከድሬዳዋ የመጣችሁ ወላጆች በ2013 የደንጊ ወረርሽኝ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማውን እንዴት እንደጣለው ታስታውሳላችሁ። እዚህ ጅቡቲም ደንጊ አለ። ወባ ቫይረስ አይደለችም፤ ነገር ግን ስትጀምር ከእነዚህ አትለይም። ስለዚህ እዚህ አገር ትኩሳት የያዘው ሰው «ጉንፋን ነው» ብሎ ከመገመቱ በፊት የደም ምርመራ ያድርግ። ደንጊ ሊሆን ይችላል ተብሎ በሚጠረጠርበት ጊዜ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን መድማትን ስለሚያባብሱ አይወሰዱም፤ ለትኩሳቱ በመጠኑ ፓራሲታሞል ይበቃል።

አሁን ወደ ልብ እንምጣ። የአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ልብ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። በብርቱ ሩጫ ጊዜ ይህ መጠን ወደ 20 ሊትር ይደርሳል፤ በታላላቅ ሯጮች ዘንድ ከ30 ሊትር ያልፋል። ትኩሳት ሲመጣ፣ ሰውነት በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የልብ ምት በደቂቃ 10 ያህል ይጨምራል። የ39 ዲግሪ ትኩሳት ያለበት ልጅ አልጋው ላይ ተኝቶ እንኳ ልቡ ሥራ ላይ ነው። በዚህ ላይ ሩጫ መጨመር የደከመች በቅሎን አቀበት እንደማስወጣት ይቆጠራል።

ይህ ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ በእረፍት ያልፍ ነበር። አልፎ አልፎ ግን ቫይረሱ ራሱ፣ ወይም ቫይረሱን የሚዋጋው የሰውነት ኃይል፣ የልብን ጡንቻ ይነካል። ጡንቻው ይቆጣል፣ ያብጣል። በሕክምና አጠራሩ ማዮካርዳይቲስ ይባላል። ኮክሳኪ የሚባለው ቫይረስ፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ ከሚያመጡት ውስጥ ናቸው። የተቆጣ የልብ ጡንቻ ትርታውን የሚመራውን የኤሌክትሪክ መልእክት ያዛባል፤ በተለይ ሰውየው በብርቱ ሲሮጥ። ልብ ከመርጨት ይልቅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰውየው ሜዳ ላይ ይወድቃል። በ1970 በታተመ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች በኮክሳኪ የተያዙ አይጦችን ከፍለው፣ ግማሾቹን እንዲያርፉ፣ ግማሾቹን ደግሞ እንዲዋኙ አደረጉ። በዋኙት ልብ ውስጥ ቫይረሱ እጅግ ተባዝቶ ተገኘ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሞቱ። ሰው አይጥ አይደለም፤ ሆኖም በትኩሳት ጊዜ መሮጥ ክልክል ነው የሚለው የሐኪሞች ምክር ከእንዲህ ዓይነት ምርመራዎች ጋር የተያያዘ ነው።

እዚህ ላይ ማንንም ማስፈራራት አልፈልግም። በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ሊጎች ውስጥ ኮቪድ ይዟቸው የነበሩ 789 ስፖርተኞች ተመርምረው ውጤቱ በ2021 ታትሞ ነበር። የልብ መቆጣት የተገኘባቸው 5 ብቻ ናቸው፤ ከመቶ አንድ አይሞላም። ምርመራውን አልፈው ወደ ውድድር ከተመለሱት ውስጥ ጥናቱ እስከታተመ ድረስ በልብ ምክንያት ጉዳት የደረሰበት አልነበረም። ነገር ግን እነዚያን 5 ሰዎች ያተረፋቸው ተፈልገው መገኘታቸው ነው። በሜዳችን ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም። እኛ ያለን ዓይናችን፣ ጣታችንና ትዕግሥታችን ነው።

አንድ የምታውቁትን ተጫዋች ላንሣ። የባየርን ሙኒኩ አልፎንሶ ዴቪስ የተወለደው በ2000 በጋና፣ ቡዱቡራም በሚባል የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ከላይቤሪያ ጦርነት የሸሹ ናቸው። በአምስት ዓመቱ ካናዳ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ኳስ የምትከታተሉ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። በጥር 2022 ኮቪድ ይዞት ተሻለው። ወደ ቡድኑ ሲመለስ በተደረገለት ምርመራ ግን የልቡ ጡንቻ መጠነኛ መቆጣት እንዳለበት ታወቀ። ዕድሜው 21፣ በፍጥነቱ ዓለም የሚያውቀው ልጅ ነው። ዶክተሮቹ «ቁም» አሉት፤ ቆመ። በመጋቢት መጨረሻ ካናዳ ከ36 ዓመት በኋላ ለዓለም ዋንጫ ስታልፍ እርሱ ሜዳ ላይ አልነበረም፤ ቤቱ ሆኖ ጨዋታውን እየተመለከተ ሲያለቅስ ዓለም አይቶታል። ወደ ጨዋታ የተመለሰው በሚያዝያ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ኳታር ላይ፣ ካናዳ ከክሮኤሽያ ጋር ስትጫወት ጨዋታው በተጀመረ በሁለተኛው ደቂቃ ጎል አገባ። በወንዶች ዓለም ዋንጫ የካናዳ የመጀመሪያ ጎል ያ ነበር። ካናዳ 4 ለ 1 ተሸነፈች፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከእኛ አገር ደግሞ ቀነኒሳ በቀለ አለ። በመስከረም 2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሮጦ ከዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ ነበር ያነሰው። በ2021 ወደዚያው ከተማ ሲመለስ፣ ከወራት በፊት ኮቪድ ይዞት እንደነበረና ዝግጅቱን እንደጎዳበት ተናገረ። ውጤቱም 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ፣ ሦስተኛ። ሁሉንም በሕመሙ ማሳበብ አይቻልም፤ ዕድሜውም 39 ነበር፣ የጡንቻ ጉዳትም አሳድዶታል። ሆኖም እንዲህ ያለ ሳንባና ልብ ያለው ሰው እንኳ ከቫይረስ በኋላ ወራት ካስፈለጉት፣ የእኛ ልጅ በአራተኛው ቀን ሙሉ ጨዋታ ካልተጫወትኩ ቢል አንስማው። ቀነኒሳ በሚያዝያ 2024 በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ወጥቷል።

«አበበ ቢቂላስ?» የሚለኝ ተማሪ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ክፍል ውስጥም ተብያለሁ። እውነት ነው፣ አበበ በ1964 ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን አምስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ አሸንፏል። ግን የአበበ ቁስል ሆዱ ላይ ነበር፤ የታወቀ፣ የተሰፋ፣ ሐኪም የሚያየው ቁስል። ልቡ አልተነካም። የቫይረስ ጉዳት ግን ስፌት የለውም፤ ሰውየው ራሱ ላያውቀው ይችላል። ጠንካራ ሯጭ ልቡ አይከዳውም ለሚለውም አንድ አሳዛኝ ነገር ላስታውስ። በ2003 በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ1500 ሜትር ያሸነፈችው ዓለም ተጫሌ፣ የቀነኒሳ እጮኛ፣ በጥር 2005 ከእርሱ ጋር ልምምድ ላይ ሳለች ወድቃ ሞተች። ምክንያቱ የልብ ችግር እንደሆነ በወቅቱ ተነግሯል። ከቫይረስ ጋር የሚያያዝ ነገር አልተነገረም፤ እኔም አላያይዘውም። የማነሣው ወጣትነትና ብርታት ለልብ ዋስትና እንዳልሆኑ ለማሳየት ብቻ ነው።

ሳንባ ከልብ ይልቅ ምልክቱን ቶሎ ይናገራል። በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር የምናስገባ ሰዎች በብርቱ ሩጫ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ እናስገባለን። ቫይረሱ ከሄደ በኋላም የአየር ቧንቧዎቹ የውስጥ ሽፋን ተልጦ፣ ተቆጥቶ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ደረቅና አቧራማ አየር በብዛት ሲገባ ቧንቧው ይጠባል፤ ልጁ ያስላል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ይህ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ስንፍናም አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ አስም እንዳለበት ታውቃላችሁ። በ2008 የቤጂንግ አየር ለሳንባዬ አይሆንም ብሎ የኦሊምፒኩን ማራቶን ተወው፤ ያኔ ብዙ ሰው ተቆጥቶበት ነበር። በመስከረም መጨረሻ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

በቤት ውስጥ ስላለው ጢስም እናቶችን ልለምን። በ1918 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በአገራችን «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ሲገባ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል፤ ብዙ ሺህ ሰው ግን አልቋል። ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥልበት ልማድ ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ይነገራል። አካባቢን ማጽዳቱ መልካም ነው፤ ጢሱ ግን ቫይረስ አይገድልም። በጠባብ ክፍል ውስጥ የከሰሉም የእጣኑም ጢስ ለተቆጣ ሳንባ ተጨማሪ ሸክም ነው። የሚያስል ልጅ ካለ ቡናው ደጅ ይፈላ። የዝንጅብል ሻይ በማር ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ አልከለክልም። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ በተለይ ሌሊት ማላብና መክሳት ካለበት፣ «የጉንፋኑ ቅሬታ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። በጅቡቲ ከተማ ለዚህ ሕክምና የታወቀው የፖል ፎር ማእከል ነው።

ከደጋ ለመጣን ሰዎች ጅቡቲ ሌላ ፈተና አላት። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን እዚህ ባሕር ዳርቻ ከምናገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ «እዚህማ መሮጥ ይቀላል» ይባላል። ሙቀቱ ግን የሰጠንን ይነጥቀናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበትና ኸምሲን በሚነፍስበት ጊዜ ልብ ደሙን ለጡንቻም ለቆዳም ማከፋፈል አለበት፤ በላብ ውሃ ሲያልቅ ደግሞ የሚረጨው ደም ራሱ ይቀንሳል። ጤነኛ ሰው ይህን ይለምደዋል፤ የዚህ አገር ልጅ አህመድ ሳላህ በ1988 ሴኡል ላይ በማራቶን የነሐስ ሜዳሊያ ወስዷል። ሰሞኑን ከትኩሳት የተነሣ ልጅ ግን ልምምዱ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ይሁን፤ አለዚያ ይቅር።

ታዲያ መቼ እንመለስ? ንፍጥና ማስነጠስ ብቻ ያለበት፣ ትኩሳትም ሳልም የሌለበት ልጅ ቀስ ብሎ ቢንቀሳቀስ አይጎዳም። ሕመሙ ከአንገት በታች ከወረደ፣ ማለትም ትኩሳት፣ የደረት ሳል፣ የሰውነት ቁርጥማት ወይም ተቅማጥ ካለ፣ ምንም ልምምድ የለም። በ2020 የስፖርት ሐኪሞች ለኮቪድ ባወጡት ምክር ከሕመሙ መጀመሪያ ቢያንስ 10 ቀን፣ ከዚያም ውስጥ ያለ መድኃኒት 7 ቀን ምልክት ሳይታይ እንዲታረፍ ይላሉ። በኋላ ሕመሙ ቀላል ለነበረ ሰው አሳጥረውታል። እኔ ግን የልብ መመርመሪያ በአጠገባችን ስለሌለ ረጅሙን እመርጣለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን የ15 ደቂቃ እርምጃና ሶምሶማ፣ ቀጥሎ 30 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 45 ደቂቃ፣ ከዚያ ከኳስ ጋር ልምምድ፣ ግጥሚያ ደግሞ ከሳምንት በኋላ። እየሮጠ ከጓደኛው ጋር ማውራት ካልቻለ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። አንዱ ደረጃ ካደከመው ወደ ቀድሞው ይመለስ።

ትርታን መቁጠርም ተማሩ። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሡ ሁለት ጣታችሁን (አውራ ጣትን አይደለም፤ የራሱ ትርታ ያሳስታል) ከአውራ ጣት ሥር የእጅ አንጓ ላይ አድርጉና 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙ። ጤነኛ በሆናችሁበት ሳምንት የተገኘውን ቁጥር በደብተር ጻፉት። ከሕመም በኋላ ከዚያ ቁጥር በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ካለ ያ ቀን የእረፍት ቀን ነው።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ አንድ የታዘብኩት አለ። ልጁ ታሞ ነበር ተብሎ ከኳስ ይከለከላል፤ ከዚያ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ ውሃ እንዲያመጣ ይላካል። ልብ ኳስና ጀሪካን ለይቶ አያውቅም። እንዲያውም ጀሪካኑ ይብሳል። በእነዚያ ቀናት ለሌላ ልጅ ስጡት፤ ወይም በአምስት በአምስት ሊትር ይከፋፈል። ለሴቶች ልጆች ይህን በተለይ አደራ እላለሁ፤ የእነርሱ ሥራ «ስፖርት» ስላልተባለ ማንም አያሳርፋቸውም።

ልጁ ወደ ልምምድ ከተመለሰ በኋላ ደረቱን ካመመው ወይም ከጨመቀው፣ ልቡ ያለ ምክንያት ድው ድው ካለ ወይም እየዘለለ ከመታ፣ ካዞረው ወይም ራሱን ከሳተ፣ ሲተኛ ትንፋሽ ካጠረው፣ እግሩ ካበጠ፣ ወዲያውኑ ያቁም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሮጦ ሳለ የወደቀና የማይተነፍስ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ለአምቡላንስ ይደውል፤ ሌላው ደረቱ መሐል ላይ ሁለት እጁን አነባብሮ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ይጫን፤ እርዳታ እስኪመጣ አያቁም። ውሃ መርጨትና ክብሪት ማሽተት ጊዜ ማባከን ነው።

በ2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ ሕክምና የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፤ የስደተኛ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በፔልቲየ ሆስፒታልም ሆነ በባልባላ የምታገኙት ሐኪም የሚናገረው ፈረንሳይኛ ስለሆነ፣ አስተርጓሚ ካጣችሁ እነዚህን ቃላት ያዙ፦ ትኩሳት ፊየቭር፣ የደረት ሕመም ዱለር አ ላ ፗትሪን፣ ትንፋሽ ማጠር ኤሱፍልማን፣ የልብ ድው ድው ማለት ፓልፒታስዮን ይባላል። ልጁ መቼ ትኩሳት እንደያዘውና መቼ ወደ ሩጫ እንደተመለሰ ቀኑን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። ሐኪሙ የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚያነበውን ኢ.ሲ.ጂ. እንዲሁም የደም ምርመራ ሊያዝ ይችላል። የልብ ጡንቻ መቆጣት ከተገኘ እረፍቱ ከ3 እስከ 6 ወር ነው፤ ልጁ «ድኛለሁ» ቢልም አይታጠፍም።

ያ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ግጥሚያውን ከመስመር ውጭ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ አየ። 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር «እኔ ብኖር ኖሮ» ይለኛል። በአስራ ሁለተኛው ቀን ሶምሶማ ጀመረ፤ አባቱም የጠዋት ትርታውን እየቆጠሩለት በደብተሩ ይጽፉለታል። የፊታችን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በ11 ሰዓት ሜዳው ላይ ትርታ አቆጣጠርና ደረት አጫጫን እናለማመዳለን። ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።